በኦሞድ ስም የታመመ አንገት

ከጎሬ በወጣሁበት ማለዳ እህቴን ቤት ውስጥ ቆልፌባት ቁልፉን ይዤ ወደ ጋምቤላ ወረድኩ።

ክፋት አልነበረም፤ ልማድ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ኖሬአለሁ። ስወጣ እቆልፋለሁ፣ ቁልፉን ኪሴ እከታለሁ፣ አለቀ። እትዬ ዘነበች ልትሸኘኝ ከመቱ መጥታ ጓዳ ተኝታ እንደነበር እጄ አላስታወሰም፤ ጭንቅላቴ ደግሞ ያን ጠዋት ሽሽት ላይ ነበር። ዋዜማውን እራት እየበላን እትዬ አንገቴን ትክ ብላ አየችና፣ «መኩሪያ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ማንቁርቴ ነው። ከስቼ ጎላ።»

«ማንቁርት በጎን በኩል ነው እንዴ የሚበቅለው?»

ወጡ ጣፍጧል አልኳት። ሁለተኛ ሳትጠይቀኝ ልውጣ ብዬ ነው እንግዲህ ሳትነቃ ውልቅ ያልኩት። ቡሬ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም መሐረብ ስፈልግ ቁልፉ እጄ ገባ። ወደ ጎሬ የሚመለስ ሹፌር ለምኜ ላክሁት፤ ሳይደርስላት ግን እትዬ በዘነዘና በሩን ገንጥላ ወጥታ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጤና ረዳት የነበረ፣ የሰው ገመና ጠባቂ ነኝ ባይ ሰውዬ ስደቱን በዚህ ዓይነት ክብር ጀመረ።

«ስደት» ስል የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ ጎሬ ያላችሁ። ጋምቤላ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ፓስፖርት አይጠየቅበትም። ልክ ናችሁ። እስቲ ግን ቁልቁለቱን ውረዱትና እንነጋገር። ቡሬ ላይ ካፖርት ይወልቃል፣ ትንሽ ወረድ ሲሉ ሹራብ፣ ቆላው ሲጀምር የሸሚዝ ቁልፍ። ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ሽንኩርት ተልጦ ሲያልቅ እኔ የሱፍ ሻርፔን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ላቤ ጫማዬ ውስጥ እየገባ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የነበረ አስተማሪ አዘነልኝ።

«አባባ፣ ብርድ ብርድ ይልዎታል?»

«ወባ ነው» አልኩት። ወባው የያዘኝ ከወር በኋላ ነው፤ እኔ ግን ቀደም ብዬ አመካኘሁበት።

የወረድኩት ሥራ ተገኝቶልኝ ነው። ጡረታ ወጥቼ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች ስለ ታይሮይድ ሊያጠኑ ጋምቤላ ገብተው፣ አንገት መዳሰስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ክንፏን ዘርግታ የተቀመጠች ትንሽ ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን ሲበዛ ሰውዬው ይከሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይሮጣል፤ ሲያንስ ይፈዛል፣ ይበርደዋል። አንዳንዴ ደግሞ ካንሰር ታበቅላለች። እኛ ደገኞች ስታብጥ እንቅርት እንላታለን፣ ተረት እንተርትባታለን፣ አንገታችንን ሸፍነን እንኖራለን። ቆለኛውስ እንዴት ነው? ጥያቄያቸው ይህ ነበር።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው። ቢሮዎቹ ከወንበር በፊት አለቃ ያገኙበት ጊዜ። የሥራ ፈቃዴን ላስመዘግብ ስገባ አንድ ወጣት ጸሐፊ ቅጽ ዘረጋ።

«ብሔር?»

«የጎሬ ሰው ነኝ።»

«ጎሬ ብሔር አይደለም።»

«ለእኛ ግን በቅቶን ኖሯል።»

«አባባ፣ ቦታው ባዶ መተው የለበትም።»

«እናቴ ኦሮሞ ናት፤ አባቴ ከመንዝ የመጣ ወታደር…»

«ያለው አንድ መስመር ነው።» ብዕሩን ነክሶ ጥቂት አሰበና «ሌላ» ብሎ ጻፈ። ስልሳ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ብዬ ስኖር ሌላ ኖሬአለሁ።

«ማህተሙስ?» አልኩት።

«እየተቀረጸ ነው። ሰኞ ይምጡ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«አባባ፣ ክልሉ እኮ አዲስ ነው።»

«እኔ ደግሞ አሮጌ ነኝ። ቶሎ ቶሎ በሉ።»

ቤት የተከራየሁት ከባሮ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ከወይዘሮ አጁሉ ነው። አጁሉ ባሏ የሞተባት አኙዋ ናት፤ ገበያ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች፣ እሑድ እሑድ በቸርቿ መዘምራን ፊት መስመር ላይ ትቆማለች። እዚህ አገር «አንቱ» ብሎ ነገር የለም፤ ጋምቤላ አማርኛ የሁሉም መገናኛ ነው እንጂ የማንም ጌጥ አይደለም፣ ያልተፈለገው ሁሉ ተራግፎለታል። መጀመሪያ ሰሞን ከፋኝ፤ ዛሬ ደገኛ እንግዳ መጥቶ «እርስዎ» ሲለኝ ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞሬ አያለሁ።

«ትጠጣለህ?» ብላ ጀመረች አጁሉ፣ በሩ ላይ ቆማ።

«አልፎ አልፎ።»

«እዚህ እለፈው። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?»

«ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ትሄዳለህ ወይ?»

አንገቴ ላይ ያለውን ሻርፕ ካየች በኋላ ቁልፉን ሰጠችኝ።

መልመድ እንዲህ በቃል እንደሚወራው አይደለም። ጎሬ ፀሐይ እንደ ባለሥልጣን ዘመድ ናት፤ ብቅ ካለች ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያታል። ጋምቤላ ግን አብራኝ ተከራየች፣ ያውም ኪራይ ሳትከፍል። የጎሬ ጎመንና ድንች በሕልሜ ይመጡ ነበር፤ ድንቹ እንደተቀቀለ፣ ጭሱ ሳይጠፋ። እዚህ ያለው በቆሎና ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ካህናቱ አልጨረሱትም፤ እኔ ግን በሦስተኛው ሳምንት አጁሉ በረንዳ ላይ ጨረስኩት።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጠይቁ የተዘጋጀው ደጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ በሚጽፍ ሰው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሆርሞኑ የበዛበትን ሰው ለመለየት «ሙቀት ያስቸግርዎታል ወይ? ያልብዎታል ወይ?» ይላል። ጋምቤላ ላይ ይህን ጠይቁ እንግዲህ። ሁሉም አዎ አለ። ቅጹን የምትሞላው ልጅም የብዕር እጇ ያልባት ነበር። በቅጹ ከሄድን ክልሉ በሙሉ፣ ካቢኔውን ጨምሮ፣ ታሟል። «ክብደት ቀንሰዋል ወይ?» ስንል ደግሞ አንድ ሽማግሌ «ከምን?» አለን። ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሰብለ፣ የማትቆጣ፣ የማትስቅ፣ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ ያን ምሽት ሁለቱንም ጥያቄዎች ሰረዘችና፣ «እንግዲህ ጋሽ መኩሪያ፣ የሚያዋጣን የእርስዎ ጣት ነው» አለችኝ።

ጣቴ ሠራ። በቀን ብዙ አንገት እዳስሳለሁ፤ እብጠት ካገኘሁ ዶክተር ሰብለ፣ እሷ ከሌለችም እኔ፣ በቀጭን መርፌ ትንሽ ፈሳሽ እንመጥጣለን፣ ስላይድ የሚሉት መስታወት ላይ ይቀባል፣ አልኮል ውስጥ ይነከራል፣ በሣጥን ታሽጎ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ ሕዝቡን አስተምራለሁ። «አንገታችሁን አትደብቁ፤ የደበቁት በሽታ ያድጋል» እላለሁ፣ በዚያ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሜ።

እብጠቴ እያደገች ነበር። ስውጥ ሽቅብ፣ ስተነፍስ ቁልቁል ትላለች። ለዶክተር ሰብለ እንዳልናገር ሁለት ጥሩ ምክንያት ነበረኝ። የጥናቱ መስፈርት የክልሉን ተወላጅ ብቻ ይላል፣ ሠራተኛም አይገባም። ሦስተኛው ምክንያት ግን እውነተኛው ነው፤ ቢላዋ እፈራለሁ። ስንት ሰው አባብዬ ወደ ኦፕራሲዮን የሸኘሁ ጀግና፣ ለራሴ ሲሆን በሩንም አላንኳኳም።

ማወቁን ግን ፈለግኩ። አንድ እሑድ አጁሉም ሰፈሩም ቸርች ሲሄድ የጺም መስታወቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ አንገቴን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀጭኗን መርፌ ራሴ ሰካሁ። ጥበብ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ ከዕብደት የለየኝ ንጹህ ጥጥ መጠቀሜ ብቻ ነው። ስላይዱን ቀባሁ። ቁጥር አርባ አንድ ሰጠሁት። የታማሚ ስም የሚለው ላይ ስደርስ ከወዲያ ከወዲህ ከሰማሁት ገጣጥሜ «ኦሞድ ኦቻን» አልኩ። ብሔር፦ አኙዋ። ዕድሜ፦ ስልሳ። አድራሻ፦ ጎግ። ጎግ ከአቦቦ አልፎ ሩቅ ነው፤ ማን ይሄዳል? ቢሮው «ሌላ» ያለኝን ሰውዬ በገዛ እጄ የአገር ተወላጅ አደረግሁት፤ ማህተምም አላስፈለገም። ውጤቱ ሲመጣ መዝገቡን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ በስርቆት አየዋለሁ ብዬ ነበር።

ውጤቱ በእጄ አላለፈም። ዶክተር ሰብለ ከአውሮፕላን ማረፊያው ራሷ ይዛው መጣች፣ ቆማ አነበበች።

«ቁጥር አርባ አንድ። የካንሰር ሴሎች አሉበት። ኦሞድ ኦቻን፣ ጎግ።» ቀና አለች። «ቶሎ ከወጣ ይድናል። ከቆየ ይሰራጫል። ጋሽ መኩሪያ፣ ነገ ጠዋት ጎግ እንሄዳለን።»

«መንገዱ ዶክተር… ዝናብ ጥሎ ከሆነ…»

«አልጣለም። ሹፌሩን ጠይቄዋለሁ።»

«ሰውዬውስ ተሻግሮ ቢሆን? ወደ ሱዳን?»

«ካንሰር ይዞ?»

«ገና አላወቀ ይሆናል።»

«ለዚያ ነው እኮ የምንሄደው» አለች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን የምናገረው ምኑን ነው? ጥናትሽን አበላሸሁ ልበል? ሲያስተምር የከረመው ሽማግሌ ውሸታም ነው ልበል? ደግሞም አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ ጎግ ደርሰን «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይሉናል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ እኔም ጸጥ ብዬ በገዛ ካንሰሬ እሞታለሁ።

በማግስቱ አቦቦን አለፍን፣ ወደ አልዌሮ ግድብ የሚታጠፈውን መንገድ አለፍን። ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ ስረግም ኖሬ ያን ቀን ጭቃ እንዲውጠን ጸለይኩ። መንገዱ ደረቅና ለስላሳ ነበር። ራሴን ለመፈለግ በመንግሥት ነዳጅ፣ ከነውሎ አበል የሄድኩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጎግ የቀበሌው ሊቀመንበር ዛፍ ሥር ተቀብሎን፣ «ኦሞድ ኦቻን?» አለ። «የቱን ነው?»

«ስንት አሉ?» አለች ዶክተር ሰብለ።

«እዚህ ሁለት። አንዱ ዓሣ ላይ ነው። ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ አለ።» እኔን ዞሮ አየና፣ «እዚህ አገር የበኩር ወንድ ልጅ ኦሞድ ነው፤ ስንት በኩር እንዳለ ቁጠር» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። እዚህ አገር ስንት ጊዜ ስም መዝግቤያለሁ፤ ኦሞድ ለምን በዛ ብዬ አልጠየቅሁም።

«የእኛው ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ አንገቱ ያበጠ ነው» አለች።

«አንገቱ ወፍራም የሆነ አለ።»

ኦሞድ መጣ፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ አንገቱ የዛፍ ግንድ የሚያህል። ዶክተር ሰብለ ደጋግማ ዳሰሰችው፣ ግራ ገባት። «በዚህ ውፍረት እብጠቷን አላገኘኋትም፤ ስላይዱ ግን አይዋሽም» አለች ለራሷ። ከዚያ ጠየቀችው፣ «መርፌ ተወግተው ነበር?»

«አዎ» አለ ኦሞድ። ወደ እኔ ጠቆመ። «ይሄ ሽማግሌ ነው የወጋኝ። አቦቦ።»

እውነቱን ነው። አቦቦ ሳለን በትኩሳት ተይዞ መጥቶ ወግቼዋለሁ፤ ግን መቀመጫው ላይ ነው፣ ለወባ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እሱ ነው?»

እንግዲህ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማፍርበት ይሄ ነው። «ይመስለኛል» አልኩ።

ዶክተር ሰብለ ለስለስ ብላ አስረዳችው፦ አንገት ውስጥ ክፉ ነገር አለ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይወጣል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ክኒን ይዋጣል። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ባለፈው ወግቶኝ ድኛለሁ» አለ፣ እኔን እያየ። «እሱ ካለ እሄዳለሁ።» ገብቶ ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ጉልበቴን ይነካል።

ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ አንዲት በጣም ያረጀች ሴት መጥታ ከመኪናው ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች። በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። ሊቀመንበሩ ተረጎመ።

«እናቱ ናት። የእሱን አንገት ከምትቆርጡ የእኔን ውሰዱ፣ እኔ ኖሬ ጠግቤአለሁ ትላለች።»

ዘጠና ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። እኔ በስልሳዬ ያልሰጠሁትን አንገት እሷ ለልጇ ሰጠች። ሻርፔን ፈታሁ።

«ዶክተር» አልኩ፣ «ቁጥር አርባ አንድ እኔ ነኝ።»

ዶክተር ሰብለ ከፊት ወንበር ዞረች፣ እጇን ዘርግታ አንገቴን ዳሰሰች። እብጠቷን ወዲያው አገኘቻት።

«ይዋጡ» አለችኝ። ዋጥኩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጎሬ።»

«አብረን ስንሠራ ሁሉ?»

«መስፈርቱን አላሟላም ብዬ ነው» አልኩ።

«ካንሰሩ መስፈርቱን አንብቦት ነበር?» አለች። የማትስቅ ሴት ብያችሁ አልነበር? ያኔም አልሳቀችም። በሩን ከፍታ ወርዳ ለአሮጊቷ በሊቀመንበሩ በኩል ይቅርታ ጠየቀች፣ የእኔን ጥፋት የራሷ አድርጋ።

ኦሞድ ብርድ ልብሱን አጥፎ ወረደ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻል ነበር። በመስኮቱ አጎንብሶ አየኝ።

«ስሜን ወስደህ ታመምክበት» አለኝ። «እናቴ አሁን ኦሞድ በሽተኛ ነው ብላለች። የታመመው ሌላ ሰው ነው ብትላት አትሰማም። ስትድን ስሜን ጤነኛ አድርገህ አምጣው። ለእሷ አንተው ራስህ ንገራት።»

«እሺ» አልኩት።

ጋምቤላ ገብቼ ለአጁሉ ልናዘዝ ስጀምር ዓሣዋን እያገላበጠች፣ «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በዚህ ሙቀት አንገቱን የሚጠመጥም ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ በሽተኛ ነው። ሌባ እንዳልሆንክ አየሁ፤ ወደ ቤት አንድም ነገር አታመጣም።»

«ታዲያ ዝም አልሽ?»

«አንገቱ የአንተ ነው። ኪራዩን ከፍለሃል።» ከዚያ ለመንገዴ ደረቅ ዓሣ ጠቀለለችልኝ። አዲስ አበባ ታማሚዎች ክፍል ውስጥ ስፈታው አስታማሚው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ፤ እኔ ግን ሽታው አገሬ አገሬ አለኝ። የትኛው አገሬ እንደሆነ ገና አልለየሁም።

ዕጢዋን ሙሉ በሙሉ አወጧት። ቢላዋውን በተመለከተ የምነግራችሁ ጀብዱ የለም፤ ተኝቼ ነበር። አሁን የሰውነቴ ሙቀትና ብርድ፣ ንቃትና ድካም በአንዲት ክኒን ነው የሚተዳደረው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ እውጣታለሁ። ባሮ ሞልቶ መንገድ ሲቆረጥ ክኒኗ በአውሮፕላን ትመጣለች፤ ማረፊያው ያሉት ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ «መጥታለች» ወይም «አልመጣችም» ይሉኛል፣ እንደ ሙሽራ ጠባቂ።

ዶክተር ሰብለ ቁጥር አርባ አንድን ከጥናቱ አስወጥታ ምክንያቱን በግልጽ ጻፈችበት፤ እኔን ግን ከሥራ አላስወጣችኝም። «አሁን ሰዎች ያምኑዎታል» አለችኝ። እውነትም ጠባሳዬን እያሳየሁ ሳስተምር የሚደብቅ ቀነሰ። ስላይዱ የተመዘገበበት ካርድ ግን አልተለወጠም፤ አዲስ አበባ ለምርመራ በሄድኩ ቁጥር ነርሷ «ኦሞድ ኦቻን» ብላ ትጣራለች፣ አንድ አጭር ቀይ ደገኛ ሽማግሌ ይነሳል፣ ሰው ያየኛል፣ እገባለሁ።

ለእትዬ ከቴሌ ደወልኩላት።

«ድነሃል?» አለችኝ።

«አውጥተውታል። ዳንክ ለማለት ግን ጥቂት ዓመት ይለፍ ይላሉ።»

«ታዲያ እዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ትሠራለህ? ድንቹ ደርሷል። ና እንጂ።»

«እመጣለሁ» አልኳት። «መጀመሪያ ጎግ ደርሼ ነው።»

«ጎግ ደግሞ ምን አለህ?»

መስመሩ ቢቆረጥ ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆረጠም። «ሰው አለኝ» አልኳት።

ከጎግ የሚመጣ መኪና ላይ ዘወትር አንድ መልእክት አለ። ሹፌሩ ወይም ዓሣ ነጋዴዋ ወይም ለስብሰባ የመጣው ሊቀመንበር ያደርሰኛል። «ኦሞድ ‹ስሜ እንዴት ሆነ?› ይላል።» እኔም፣ «ደህና ነው በሉት፤ ትንሽ ብቻ ይቆየኝ» ብዬ እመልሳለሁ። ሐኪሞቹ ዳነ ሳይሉ ለአሮጊቷ ዳነ ብላት ሁለተኛ መዋሸት ነው፤ አልዳነም ብላት ደግሞ ልጇን ሁለተኛ ጊዜ ማሳመም ነው። ባለፈው ሳምንት ቆረጥኩና ተሳፈርኩ። አቦቦ ላይ ወርጄ ተመለስኩ። እናትየው አሁንም አለች፣ ጎህ ሲቀድ የልጇን አንገት በጣቷ ትዳስሳለች አሉ።